«ከትምህርቱ ውጪ ነው» ያልኩት ጥያቄ

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡና ከቀረበላችሁ ሲኒያችሁን ይዛችሁ አንብቡት፤ ነገሩም ስለ ቡና ነው። ስለ ቡና ብቻ ግን አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አስራ አንደኛ ክፍል ኢንዛይም የሚለውን ምዕራፍ እያስተማርኩ ነበር። ሰሌዳው ላይ ቁልፍና ጓጉንቸር ስያለሁ። «ኢንዛይም ማለት በሕያዋን ውስጥ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በለውጡ የማያልቅ ፕሮቲን ነው» ብዬ አጽፌያለሁ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ በቡና ለቀማ ሰሞን ብዙ ቀን ከክፍል ይቀራል።

«ቲቸር፣ አባቴ ዘንድሮ ቡናውን በእጅ መፈልፈያ ፈልፍሎ ሁለት ሌሊት ዘፍዝፎት ነበር። ደጋ ያለው አጎቴ እንደዛ አድርግ ብሎት ነው። ከደረቀ በኋላ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተና ነጋዴው ዋጋውን ጣለበት። ይሄም ኢንዛይም ነው እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩና «ይሄ ከትምህርቱ ውጪ ነው፤ የግብርና ባለሙያ ጠይቅ» ብዬው ወደ ሰሌዳዬ ዞርኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ከትምህርቱ ውጪ ሆኖ አይደለም። መልሱን ስለማላውቀው ነው። በዲፕሎማ የተመረቅኩ አስተማሪ ነኝ፤ ኮሌጅ ሳለሁ ኢንዛይምን የተማርኩት እኔ እንዳስተማርኩት በጓጉንቸርና በቁልፍ ስዕል ነው። ፈተና ላይ መጣ፣ መለስኩ፣ አለፍኩ፣ በቃ። ያ ልጅ ግን በዚያ ዓመት ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ዋነኛውን የባዮሎጂ ጥያቄ ጠይቆኝ ነበር። የቤተሰቡ የዓመት ገቢም ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። ከመልሱ ጋር አንድ አስተያየትም አለኝ፤ ቀጥዬ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ መልሱን።

ቀይ እሸት ቡና ሲፈለፈል ቀዩ ገለፈት ይወጣል። ፍሬው ላይ ግን የሚያሟልጭ ዝልግልግ ነገር ይቀራል። ይህ ዝልግልግ ውስጥ ፔክቲን የሚባል ረጅም ሰንሰለት ያለው ንጥረ ነገርና ስኳር አለ። ውኃ ብቻውን በቀላሉ አያነሳውም። ፔክቲንን የሚቆራርጡት ፔክቲኔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው፤ ከፊሉ ከራሱ ከቡናው፣ ከፊሉ ደግሞ በፍሬው ላይ ከሚራቡ እርሾዎችና ባክቴሪያዎች ይመጣሉ። ቡና የምንዘፈዝፈው እነሱ ሥራቸውን እንዲሠሩ ጊዜ ለመስጠት ነው።

አሁን የሙቀቱን ነገር አስቡት። የኢንዛይም ሥራ ሙቀት ሲጨምር ይፈጥናል፤ በ10 ዲግሪ ጭማሪ ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል፤ ይህም ኢንዛይሙ በሙቀት ብዛት ቅርጹ እስኪበላሽ ድረስ ነው። ደጋ ላይ፣ ለምሳሌ በይርጋጨፌ በኩል፣ ማታው ቀዝቃዛ ስለሆነ ዝልግልጉ እስኪለቅ 36 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። የኛ ቴፒ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት አገር ናት። ደጋ ላይ ሁለት ቀን የሚፈጀው ሥራ እዚህ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። ዝልግልጉ ካለቀ በኋላ ደቃቅ ነፍሳቱ «ሥራችን አለቀ» ብለው አይሄዱም። የቀረውን ስኳር ወደ አልኮልና ወደ አሲድ መለወጣቸውን ይቀጥላሉ። ኮምጣጤ ማለት ይኸው አሲድ ነው። ሽታው ወደ ፍሬው ከገባ ደግሞ በማጠብ አይወጣም።

የአጎትየው ምክር ለአገሩ ትክክል ነበር። የተሳሳተው ሰዓቱ ከደጋ ወደ ቆላ ሳይመነዘር መምጣቱ ነው። ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ ፍሬውን መጠየቅ ነበረበት። ጥቂት ፍሬ አንስቶ በውኃ ውስጥ በእጅ ማሸት፤ ማሟለጩ ቀርቶ እንደ ጠጠር ኮሸሽ ኮሸሽ ካለ ደርሷል ማለት ነው። ወይም ክምሩ ውስጥ እንጨት ሰክቶ ማውጣት፤ ቀዳዳው ሳይደፈን ከቆመ ደርሷል። ያኔውኑ በንጹሕ ውኃ አጥቦ አልጋ ላይ ማስጣት። እሸቱን ሳይፈለፍል በጀንፈል ለሚያደርቀውም ነገሩ አንድ ነው፤ በጆንያ አጭቆ ያሳደረው እሸት ውስጡ ይግላል፣ እነዚያው ኢንዛይሞች ያለ ፈቃድ ሥራ ይጀምራሉ።

ይሄ ሁሉ መልስ ከመጽሐፉ ውጪ ነው? አይደለም። «የሙቀት መጠን በኢንዛይም ፍጥነት ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ርዕስ ያለበትን ገጽ በዚያው ቀን አስተምሬዋለሁ። ግራፉንም ስያለሁ። ያላደረግኩት ግራፉን ከልጁ አባት ጓሮ ጋር ማገናኘት ነው።

የኔ አስተያየት እንግዲህ ይሄ ነው፦ በኛ አካባቢ ኢንዛይም ማስተማር ያቃተን ላብራቶሪ ስለሌለን አይመስለኝም። በላብራቶሪ መሐል እየኖርን ስለማናየው ነው።

ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ቴፒ የቅመም አገር ናት። ቁንዶ በርበሬ ከተክሉ ሲለቀም አረንጓዴ ነው። ለምን ጥቁር ሆነ? ሲደርቅ በልጡ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ፌኖል የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች ከአየር ኦክስጅን ጋር ስለሚያገናኛቸው ነው። የተቆረጠ ሙዝና የተላጠ ድንች ሲጠቁርም ያው ቤተሰብ ነው። ወደ ካፋ ሻገር ብላችሁ ውሽውሽን ተመልከቱ። ጥቁር ሻይና አረንጓዴ ሻይ ከአንድ ተክል፣ ከአንድ ቅጠል ይሠራሉ። ቅጠሉን ጨፍልቀህ ኢንዛይሙ ከአየር ጋር እንዲሠራ ከፈቀድክለት ጥቁር ሻይ ይሆናል። ገና ከመለቀሙ በሙቀት ኢንዛይሙን ከገደልከው አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ገበያ ላይ ሁለት ስም፣ ሁለት ዋጋ ያለው ነገር መነሻው «ኢንዛይሙ ይሥራ ወይስ ይቁም?» የሚል አንድ ውሳኔ ነው።

እናቶቻችን ደግሞ ይህን ውሳኔ ከማንም በፊት ያውቁታል። ብቅል ምንድን ነው? ደረቅ ገብስ ውስጥ ስታርች ሞልቷል፣ ጌሾና ውኃ ጨምራችሁ ብትተዉት ግን ጠላ አይወጣውም። እርጥበት ሲያገኝና ማቆጥቆጥ ሲጀምር ሽሉ ጂበሬሊን የሚባል ሆርሞን ይልካል። በፍሬው ዳር ያሉት ሕዋሳት መልእክቱን ሲቀበሉ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም መሥራት ይጀምራሉ፤ አሚሌዝ ስታርቹን ወደ ስኳር ይቆርጣል። እናት ልክ በዚያ ሰዓት አውጥታ ታሰጣዋለች። ቡቃያው ስኳሩን በልቶ ሳይጨርስ፣ ኢንዛይሙም ሳይሞት ሥራው ይቆማል። ኋላ ስትጠነስሰው እንደገና ይነሳል። ይህን የምታደርግ እናት «እኔ ያልተማርኩ ነኝ» ትላለች። እኛም ዝም ብለን እንሰማታለን።

እዚህ ላይ ምዕራፉ ውስጥ በጣም ከባድ ወደሚባለው ነገር ደረስን፤ ቁጥጥር። ተማሪዎቼ የምትጠሉት ክፍል ነበር፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ሕዋስ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢንዛይም ዓይነቶች አሉት። ሁሉም ባንዴ ቢሠሩ ሕዋሱ ራሱን በልቶ ይጨርሳል። ስለዚህ ዋናው ብልሃት ከማፋጠኑ ይልቅ ማስቆሙ ላይ ነው።

አንዱ መንገድ ብቅሉ ላይ ያየነው ነው፦ ኢንዛይሙን የሚያስፈልግ እስኪሆን ድረስ ጨርሶ አለመሥራት። ሁለተኛው መንገድ ሠርቶ በሰገባ ማስቀመጥ ነው። ጨጓራችን ፕሮቲን የሚቆርጠውን ፔፕሲን እንደ ተሳለ ቢላ ሜዳ ላይ አይጥለውም። ፔፕሲኖጅን በሚባል የማይቆርጥ መልክ ያመርተዋል፤ የጨጓራ አሲድ ሲያገኘው ነው ከሰገባው የሚወጣው።

ሦስተኛው የመጨረሻው ምርት የመጀመሪያውን ሥራ እንዲያስቆም ማድረግ ነው። የቡና መፈልፈያ ጣቢያ የሠራችሁ ትረዱኛላችሁ። የማድረቂያ አልጋው ሲሞላ በር ላይ ያለው ሰውዬ «ዛሬ እሸት አንቀበልም» ይላል። ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ መጨረሻ ላይ ያለው ክምችት ወደ መጀመሪያው መልእክት ላከ። በሕዋስ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ አንድ ባክቴሪያ የሚሠራው አሚኖ አሲድ ሲበዛ፣ አሚኖ አሲዱ ራሱ ሄዶ የመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለውን ኢንዛይም ይይዘዋል። ምርቱ ይቆማል። ክምችቱ ሲቀንስ ይለቀዋል፤ ሥራው ይቀጥላል። ተቆጣጣሪ የለም፣ ስብሰባ የለም።

አራተኛው ግን የጠላት መንገድ ነው፤ ቁልፉን ጓጉንቸሩ ውስጥ ሰብሮ መተው። ማላታይንና መሰል የተባይ መድኃኒቶች የሚገድሉት እንደዚህ ነው። በነርቭና በጡንቻ መሐል ያለውን መልእክት የሚያጠፋ አሴቲልኮሊንኤስቴሬዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። መድኃኒቱ ይቆልፈዋል፤ መልእክቱ አይጠፋም፣ ጡንቻው አያርፍም። ያ ኢንዛይም የነፍሳት ብቻ ሳይሆን የናንተም ነው። አፍንጫችሁን ሳትሸፍኑ፣ በባዶ እጅ፣ ከነፋስ ፊት ቆማችሁ የምትረጩ ወንድሞቼ፣ ምራቅና እንባ ሲበዛ፣ ላብ ሲያጠምቅ፣ ሲያስመልስ፣ ዓይን ሲጨልምና ጡንቻ ሲንቀጠቀጥ «ፀሐይ መታኝ» ብላችሁ ጥላ ሥር አትተኙ። ልብሳችሁን አውልቃችሁ ገላችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ቶሎ ሐኪም ቤት ሂዱ፣ የመድኃኒቱንም ስም ንገሯቸው። ይሄም የኢንዛይም ትምህርት ነው። ፈተና ላይ ባይመጣም ሰው ያድናል።

አሁን ወደ ሲኒያችን እንመለስ። ውስጡ ያለው ካፌይን ራሱ የኢንዛይም ሥራ ነው። የቡና ተክል በለጋ ቅጠሉና በሚያድገው ፍሬው ውስጥ ደረጃ በደረጃ ይሠራዋል፤ መጨረሻ ላይ ቴኦብሮሚን የሚባለውን ወደ ካፌይን የሚለውጠው ካፌይን ሲንቴዝ ነው። ተክሉ ይህን የሚደክመው ለኛ እንቅልፍ ማባረሪያ ብሎ አይደለም። ለጋ አካሉን ከሚበሉት ነፍሳት ሊከላከል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 እና 65 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የቡና ልዑክ ኢትዮጵያ መጥቶ የቡና ዘር ሰበሰበ። ከዚህ ዘር የተወሰነው በኮስታሪካ በኩል ብራዚል ደረሰ፤ እዚያም ተተክሎ ዓመታት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2004 ሲልቫሮላ፣ ማዛፌራና ፋዙኦሊ የተባሉ የብራዚል ተመራማሪዎች ኔቸር መጽሔት ላይ አንድ ነገር አወጡ። 3,000 ያህል ከኢትዮጵያ ዘር የበቀሉ ዛፎችን ፈትሸው ሦስት ዛፎች ካፌይን የላቸውም ለማለት እንደሚያስደፍር አገኙ። በመደበኛ ዓረቢካ 1 ግራም ፍሬ ውስጥ 12 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን ሲኖር፣ በነዚህ 0.76 ሚሊ ግራም ብቻ ነበር። በምትኩ ቴኦብሮሚን ተከማችቶባቸዋል። ይህም ያ የመጨረሻው የኢንዛይም ደረጃ እንዳልሠራ አመላካች ነበር። መስመሩ መጨረሻ ላይ ተቆርጧል፤ ዕቃው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል።

ዓለም ላይ ካፌይን የሌለው ቡና የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው፤ ፋብሪካዎች ካፌይኑን በኬሚካል፣ በውኃ ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ እያጠቡ ያወጡታል። እነዚያ ዛፎች ግን ከተፈጥሯቸው እንዲያ ነበሩ። ዘራቸውም ከዚህ ከኢትዮጵያ ነው የሄደው።

ይህ ዜና ሲወጣ ብዙ ሰው «ዘራችንን ወሰዱብን» ብሎ ተቆጣ። ቁጣው ምክንያት አለው። ከዚያ በኋላ አገራችን የጄኔቲክ ሀብትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482/1998ን አውጥታለች፤ መልካም አደረገች። እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ለመሆኑ ዘሩ ባይሄድ ኖሮ እናየው ነበር ወይ? የሸካ ደን በ2012፣ የካፋ ደን በ2010፣ እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው፣ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግበዋል። ውስጣቸው የዱር ቡና አለ። በየቀኑ እሱን አልፎ ትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ አለን። እሱን «ከትምህርቱ ውጪ ነው» እያልን የምንመልስ እኛ ነን። ዘር በአዋጅ ይጠበቃል። የሚያይ ዓይን ግን በአዋጅ አይመጣም፤ ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው።

ሌላም ልጨምር። የጠጣችሁት ካፌይን የሚወገደውም በኢንዛይም ነው፤ ጉበት ውስጥ። የዚህ ኢንዛይም ጉልበት ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ ማታ ሦስተኛውን ጠጥቶ ያንኮራፋል፣ ሌላው በአቦሉ ብቻ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። ሲጋራ ይህን ኢንዛይም ያበዛዋል፣ እርግዝና ደግሞ ያዳክመዋል። በእርግዝና መጨረሻ አካባቢ ካፌይን በእናትየው ሰውነት ውስጥ ከወትሮው እጅግ ረዝሞ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ የሚመክረው ፅንሱን አስቦ ነው። በኛ አገር አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠዋትም ማታም ነው፤ በአካባቢያችንም ከቅመም ጋር የሚፈላ የቡና ቅጠል፣ ጨሞ፣ አለ፤ ለጋ ቅጠሉም ካፌይን አለው። ቡና ክልክል ነው አላልኩም! እንግዳ መቀበያችን ነው። ነፍሰ ጡር እህታችሁን ግን «በረካን ካልጠጣሽ» ብላችሁ አታስገድዷት። ይኸው ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ስል «ጥሩ ነው፣ ግን ፈተናው ይህን አይጠይቅም፤ ክፍለ ጊዜውም አይበቃም» ይሉኛል። እውነት አላቸው። በሳምንት የተሰጠንን ክፍለ ጊዜ፣ የተማሪውን ብዛት አውቃለሁ። ግን ለፈተና ብለን በሽምደዳ አስተማርን፤ ፈተናውስ ምን ሆነ? በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉን በአስተማሪ ላይ አልጭንም። ሽምደዳው ለፈተናውም እንዳላዳነን ግን ማንም አይክደኝም።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ፤ አስተማሪ የሆናችሁ ብትሞክሩት ደስ ይለኛል። ከፋርማሲ አንድ ብልቃጥ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እገዛለሁ። ጥሬ ድንችና የተቀቀለ ድንች ይዤ እገባለሁ። ጥሬው ላይ ጠብ ሳደርግ አረፋ ይነሳል፤ ድንቹ ውስጥ ያለው ካታሌዝ ፈሳሹን ወደ ውኃና ኦክስጅን እየከፈለው ነው። የተቀቀለው ላይ ዝም። «ለምን?» ብዬ እቀመጣለሁ። ከዚያ ሙዝ ቆርጠን ግማሹን ሎሚ እንቀባዋለን፤ ያልተቀባው ሲጠቁር የተቀባው ይቆያል፤ አሲድ ኢንዛይሙን እንዴት እንደሚያዳክም አዩ ማለት ነው። ደረቅ ዳቦ ሳይውጡ ብዙ እንዲያኝኩ አደርጋለሁ፤ ጣፈጠን ይላሉ። ወጪው ከአንድ ምሳ አይበልጥም። የቤት ሥራውም «ቤታችሁ ውስጥ ኢንዛይም የሚሠራበትን አንድ ነገር እናታችሁን ወይም አባታችሁን ጠይቃችሁ ኑ» ነው። ደብተሩን ብታዩት! ቆጮ ያመጣ አለ፣ እርጎ ያመጣ አለ፣ ብቅል በወረቀት ጠቅልላ ያመጣችም አለች።

ያንን ልጅስ? ትምህርቱን ሳይጨርስ አቋረጠ። አባትየውን ባለፈው ዓመት ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ይቅርታ መጠየቅ አስቤ «አባቴ፣ ያኔ ልጅዎ ጠይቆኝ ያልመለስኩለት ነገር ነበር» ብዬ የሙቀቱን ነገር፣ በእጅ ማሸቱን፣ እንጨት መስከሩን አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«መምህር፣ ይሄንንማ ልጄ ነግሮኛል። ከሰው ጠይቆ፣ ራሱ በትንሽ ባልዲ በየሰዓቱ እየሞከረ ደረሰበት። አሁን ለጎረቤትም የሚያየው እሱ ነው።»

ምን ልበላችሁ፤ አፈርኩም፣ ደስ አለኝም። ልጁ ሙከራውን ያለኔ ሠርቶታል። እኔ ክፍል ውስጥ «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አብረን እንየው» ብዬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የት ይደርስ ነበር የሚለው ግን አሁንም ውስጤን ይበላኛል።

አንተ ልጅ፣ ይህን ጽሑፍ ካየኸው፦ አዎ፣ ኢንዛይም ነበር። ጥያቄህ ከትምህርቱ ውጪ አልነበረም። በማታው ክፍለ ጊዜ መቀጠል ከፈለግክ ወንበርህ አለ፤ እኔም አለሁ።

የቀራችሁት ደግሞ ከየቤታችሁ አንድ አንድ የኢንዛይም ሥራ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ለሚቀጥለው ዓመት ክፍሌ እጠቀምበታለሁ። ሰላም ሁኑልኝ።